የበገናው ቤት

ማንም ሰው አንድን የሙዚቃ መሣሪያ ብቻውን ሰምቶት አያውቅም፤ የሚሰማው መሣሪያውንና ቤቱን አንድ ላይ ነው። አውታር ሲነካ ከሚወጣው ድምፅ ከፊሉ በቀጥታ ወደ ጆሮ ይደርሳል፤ የቀረው ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል እየነጠረ ጥቂት ዘግይቶ ይከተላል። ጆሮም ሁለቱን አዋሕዶ «ይህ ክራር ነው፣ ይህ በገና ነው» ብሎ ይቀበላል። የሚመለሰው ድምፅ ከሩቅ ሲመጣ የገደል ማሚቶ ተብሎ ይጠራል፤ ከቅርብ ሲመጣ ግን ከዋናው ጋር ስለሚዋሐድ ልብ የሚለው የለም። የሙዚቃን መልክ የሚያሳምረውም ሆነ የሚያበላሸው ይኸው ልብ የማይባለው ድምፅ ነው።

ኮምፒውተር የቀረጻን ሥራ ከትልልቅ ስቱዲዮዎች አውጥቶ ወደ መኝታ ቤት ካስገባው ወዲህ ጉዳዩ የብዙዎች ራስ ምታት ሆኗል። በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ ወይም በካምፓላ የቤት ስቱዲዮ ማለት በአብዛኛው በኪራይ የተያዘ፣ ግድግዳው በብሎኬት ወይም በድንጋይ ተሠርቶ የተለሰነ፣ ወለሉ ሴራሚክ ወይም ሊሾ የሆነ፣ ወርዱ 3 ርዝመቱ 4 ሜትር ያህል የሆነ ክፍል ነው። በእንዲህ ያለው ባዶ ክፍል መካከል ቆሞ አንድ ጊዜ ያጨበጨበ ሰው፣ ጭብጨባው በትይዩ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ሲንቀጫቀጭ ይሰማዋል። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 1 ሜትር ከራቀ ግድግዳ ነጥሮ የሚመለሰው ከዋናው ድምፅ የሚዘገየው በሴኮንድ 6 ሺኛ ያህል ብቻ ነው። ሁለቱ ማይክሮፎኑ ላይ ሲገናኙ አንዱን ቃና ያጎላሉ፤ ሌላውን ያጠፋሉ።

በናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር የሚኖር አንድ ክራር ተጫዋች ለዚህ ችግር የፈለገው መድኃኒት ብዙዎች የሚፈልጉት ነበር። የእንቁላል መያዣ ካርቶን ለቅሞ ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ በላዩም ስሱ ስፖንጅ ጨመረ፤ በበሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ። ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳያልፍ የሚያግደው ክብደት እንጂ ካርቶን አይደለምና የጎረቤቱ ቅሬታ አልቀረም። ስሱ ስፖንጅም ቀጭኑን ድምፅ ይመጥጣል እንጂ ወፍራሙን አይነካውም። ክፍሉ ጸጥ ያለ መሰለ፤ ነገር ግን ከወገቡ በላይ ሞቶ ከወገቡ በታች የሚያጉረመርም ክፍል ሆነ። ካርቶንና ስፖንጅ በቀላሉ እሳት የሚይዙ ነገሮች መሆናቸውም፣ የኤሌክትሪክ ገመድ በተዘረጋበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌላ ስጋት ነበር።

የጉዳቱ መጠን የታወቀው በገና ደርዳሪ አጎቱ ለሕክምና ከአዲስ አበባ መጥተው እርሱ ዘንድ በሰነበቱ ጊዜ ነው። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። የሽማግሌው ዕድሜ ከሰባ አልፏልና ድርደራቸውን ለመቅረጽ ከዚህ የተሻለ ጊዜ እንደማይገኝ ዐውቆ ቀረጸ። እርሳቸውም የጆሮ ማዳመጫውን አድርገው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣ «ጣቶቹስ የእኔ ናቸው፤ ቤቱ ግን የማን ነው ልጄ?» አሉት። በበገና ዐሥር አውታሮች ሥር የሚገባው እንዝራ የሚፈጥረው ንዝረት በቀጫጭን ድምፆች የበለጸገ ነው፤ ስፖንጁ ደግሞ አስቀድሞ የሚውጠው እነዚህኑ ነው። በኮምፒውተር የተጨመረው ሰው ሠራሽ ማሚቶም የጠፋውን መልሶ አላመጣም።

ድምፅን ከመዋጥና እንዳለ ከመመለስ ሌላ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም መበተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 የተከፈተው የቪየናው ሙዚክፌራይን አዳራሽ በድምፁ ውበት የተመሰገነው፣ ከቅርጹ ሌላ ሐውልቶቹና ባለ ብዙ ጌጥ ጣሪያው ድምፁን ወደየአቅጣጫው ስለሚበትኑት ነው። ጌጥ በአጋጣሚ የሚሠራውን በስሌት ለመሥራት የበቃው ግን ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ማንፍሬድ ሽሮደር ሲሆን፣ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1975 እና በ1979 ባሳተማቸው ጽሑፎች አቅርቧል። የተጠቀመበትም ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1801 በታተመ መጽሐፉ በስፋት የመረመረውን የቁጥሮች ጠባይ ነው። ጋውስ የሠራባት የጎቲንገን ከተማ ሽሮደርም ያስተማረባት ናት።

ስሌቱ ለአናጢ የሚከብድ አይደለም። ከራሱና ከ1 በቀር ለሌላ የማይካፈል ቁጥር ይመረጣል፤ 7 እንበል። ከ0 እስከ 6 ያሉት ቁጥሮች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ይባዙና ለ7 ተካፍለው ቀሪው ይያዛል፤ 0፣ 1፣ 4፣ 2፣ 2፣ 4፣ 1 ይመጣል። እያንዳንዱ ቀሪ በ5 ሴንቲ ሜትር ሲባዛ የሰባት ቀጥ ያሉ ጎድጓዶች ጥልቀት ይገኛል፤ 0፣ 5፣ 20፣ 10፣ 10፣ 20፣ 5 ሴንቲ ሜትር። የጎድጓዶቹ ወርድ እኩል 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በስስ ጣውላ ይለያያሉ። ድምፁ ጥልቅ ከሆነው ጎድጓድ ዘግይቶ፣ ጥልቅ ካልሆነው ቀድሞ ስለሚመለስ በአንድ አቅጣጫ የሚመታ ነጸብራቅ መሆኑ ይቀርና በሰፊው ይዘራል። ይህ መጠን የሚሠራው ከ500 ሄርዝ ገደማ እስከ 3,400 ሄርዝ ገደማ ነው።

ክራር ተጫዋቹ ይህን በወረቀት ነድፎ ወደ አንድ አናጢ ወሰደ። አናጢው ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «የርግብ ቤት ነው?» ሲል ጠየቀ። ክፍያው ከተስማማ በኋላ ግን ጥልቀቶቹን አንድ በአንድ እየለካ ሦስት ሣጥን ሠራለት። ክፍሉን እንደገና ሲያደራጅም የእንቁላል ካርቶኑ ተነቀለ። ወፍራም መጣጭ በማዕዘኖቹ ቆመ፤ ምክንያቱም በ4 ሜትር ክፍል ውስጥ የሚያጉረመርመው 43 ሄርዝ አካባቢ ያለው ወፍራም ድምፅ ነው፤ እርሱን በታኙ አይነካውም። በሁለቱ ጎን፣ የመጀመሪያው ነጸብራቅ በሚያርፍበት ቦታ ብቻ፣ ጥቂት መጣጭ ቀረ። ሣጥኖቹ በኋለኛው ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። የተበተነው ድምፅ ከመሰማቱ በፊት እንዲዋሐድ ርቀት ያስፈልገዋልና መቀመጫው 2 ሜትር ያህል ራቀ። ከዚህ በጠበበ ክፍል በታኝ መስቀል ትርፉ ጥቂት ነው፤ መጠናቸው የተለያየ መጻሕፍት የተደረደሩበት መደርደሪያ እንኳ በከፊል ሥራውን ይሠራል።

አጎቱ ከመመለሳቸው በፊት ሁለተኛው ቀረጻ ተካሄደ። የእንዝራው ንዝረት ተመለሰ፤ በድርደራውና በድርደራው መካከል ያለው ዝምታም ባዶ መሆኑ ቀረ። ሽማግሌው አዳምጠው ሲጨርሱ ስለ ቤቱ ምንም አልተናገሩም፤ የአንዱን አውታር ቅኝት መውረድ ብቻ አመለከቱ። ጆሯቸው ከግድግዳው ተላቆ ወደ በገናው ተመልሶ ነበር።

ነገሩ የእንጨት ሣጥን ጉዳይ ብቻ አይደለም። በገናን፣ መሰንቆን፣ የኬንያውን ኒያቲቲ ወይም የኡጋንዳውን አዱንጉ በኪራይ ክፍሎች ውስጥ የሚቀርጹ ወጣቶች፣ ሳያስቡት የነገ ትውልድ መሣሪያው እንዲህ ነበር ብሎ የሚያምንበትን ድምፅ እየወሰኑ ነው። ከደርዳሪው ፊት ተቀምጦ ያልሰማ ልጅ የሚያውቀው በገና በቀረጻው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ ከእርሱም ጋር ክፍሉን ይወርሳል። ደርዳሪው በሕይወት ሳለ ክፍልን ማረም በጥቂት ጣውላና በአንድ አናጢ የቀን ሥራ የሚቻል ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ለቀረጻው ሌላ ቤት ሊሠራለት አይችልም።