የሆኪ ፊርማ ለሀበሻ ምኑ ነው?

እኛ ሀበሾች «ፊርማ» ሲባል ቀድሞ የሚታየን ጣጣ ነው። ዋስ መሆን፣ ውል መዋዋል፣ ከባንክ መበደር። ማህተም ካላረፈበት ደግሞ እሱንም አናምነውም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አድጌ ነው ገንዘብ እያወጣሁ የሰው ፊርማ የምሰበስበው። ያውም በአካል አግኝቻቸው የማላውቅ፣ ግማሾቹ የፊት ጥርሳቸውን ሜዳ ላይ ጥለው የወጡ ሰዎች ፊርማ! ቶሮንቶ ከመጣሁ 11 ዓመቴ ነው። 7ቱን ዓመት የአይስ ሆኪ ኮከቦች የፈረሙባቸውን ካርዶች ስለቅም ኖሬያለሁ። መሳቅ ይቻላል፤ ዳንፎርዝ ላይ ቡና የምንጠጣው ጓደኞቼ ከእናንተ በፊት ስቀው ጨርሰዋል።

ለማያውቀው ላስረዳ። ካርዱ በመጫወቻ ካርታ መጠን ነው። ፊቱ ላይ የተጫዋቹ ፎቶ፣ ጀርባው ላይ የት እንደተወለደ፣ ስንት ጨዋታ ተጫውቶ ስንት ጎል እንዳገባ ተጽፏል። የሚሸጠው ታሽጎ ስለሆነ ሳትቀደው ውስጡ ማን እንዳለ አታውቅም። ሎተሪ በሉት። አብዛኛው ተራ ካርድ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ተጫዋቹ በገዛ እጁ የፈረመበት ብቅ ይላል። በዚያን ጊዜ ልባችሁ ቀጥ ትላለች።

ካናዳ ውስጥ ከዚህ ነገር ማምለጥም ከባድ ነው። በየማዕዘኑ ያለው ቡና ቤት ቲም ሆርተንስ ስሙን ያገኘው ከሆኪ ተጫዋች ነው። ቲም ሆርተን የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ተከላካይ ነበር፤ የመጀመሪያውን ሱቅ በ1964 ሃሚልተን ከተማ ከፈተ፣ በ1974 በመኪና አደጋ ሞተ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከ2015 ወዲህ ደግሞ ቡና ስትገዙ አፐር ዴክ የሚያትማቸውን የሆኪ ካርዶች ትንሽ ጨምራችሁ መውሰድ የምትችሉበት ወቅት አለ። እኔም የጀመርኩት እዚያ ነው። ቡናው አልጣመኝም፣ ካርዱ ጣመኝ።

ምክንያትም ነበረኝ። ሥራ ቦታ ሰኞ ጠዋት ሁሉም የሚያወራው የቅዳሜን ጨዋታ ነው። እኔ አዲስ አበባ እያለሁ ደብተሬን በቤካምና በሮናልዶ ፎቶ እየሸፈንኩ ያደግኩ ሰው፣ እዚህ ስለ ኳስ ወሬ ዲዳ ሆንኩ። የካርዶቹ ጀርባ መማሪያ መጽሐፌ ሆነ። አንድ በአንድ እያነበብኩ ወሬው ውስጥ ገባሁ።

አባዬ ግን በቀላሉ የሚገባ ሰው አልነበረም። አንድ ማታ አብሮኝ ጨዋታ አየና «ይሄማ የእኛ ገና ነው! በረዶ ላይ ሆነ እንጂ» አለ። እውነቱን ነው፤ ቆልማማ ዱላ፣ ሩጫ፣ ግፊያ። ልዩነቱ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው እዚህ አይሠራም። ይቆጣሉ፣ ጓንት ጥለው ይቦቃቀሳሉ፣ 5 ደቂቃ ተቀጥተው ይመለሳሉ። ጨዋታውን ወደደው። ካርዱን ግን «ለአንዲት ቁራጭ ወረቀት ይሄን ሁሉ ብር?» እንዳለ ቀረ።

ወረቀት መሆኑስ ወረቀት ነው። በ1979 ኦ-ፒ-ቺ የተባለው የካናዳ አሳታሚ ያወጣው የዌይን ግሬትዝኪ የመጀመሪያ ካርድ፣ ምንም እንከን ያልተገኘበት አንዱ ቅጂ፣ በ2021 በ3.75 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሽጧል። ልብ በሉ፤ ፊርማ እንኳ የለበትም። ዋጋው ንጹሕ ሆኖ ከመቆየቱና ብርቅ ከመሆኑ የመጣ ነው።

እኔን የሳበኝ ሌላ ነው። ፊርማ ማለት ያ ሰው እዚህች ወረቀት ላይ እጁን አሳርፎ ነበር ማለት ነው። ለዚህ ነው ሰብሳቢዎች «ካርዱ ላይ የተፈረመ» እና «ስቲከር» ብለን የምንለየው። በስቲከር ጊዜ ካምፓኒው ለተጫዋቹ የሚያጣብቅ ፕላስቲክ ይልክለታል፤ እሱ መቶውን በአንዴ ፈርሞ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ካርድ ላይ ይለጠፋል። ፊርማው የእሱ ነው፣ ካርዱን ግን ነክቶት አያውቅም። ለሞቱት ደግሞ ፊርማቸው ከድሮ ቼክና ደብዳቤ ላይ ተቆርጦ ካርድ ውስጥ ይገባል።

ማጭበርበሩም አይጣል ነው። በ1990ዎቹ የአሜሪካው ኤፍ.ቢ.አይ. «ኦፕሬሽን ቡልፔን» በተባለ ምርመራ የሐሰት ፊርማ የሚያመርቱ ሰዎችን መረብ ሲይዝ፣ ከተገኘው ዕቃ መሀል ማዘር ቴሬዛ ፈርመውበታል የተባለ የቤዝቦል ኳስ ነበረበት! ስለዚህ ፊርማ እየመረመሩ ማረጋገጫ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ለእነሱም ይከፈላል። አያችሁ፣ ፈረንጁም መጨረሻ ላይ ማህተም ፈለገ።

ከፊርማዎች ሁሉ የምወደው የዣን ቤሊቮን ነው። የሞንትሪያል ካናዲያንስ አምበል፣ በተጫዋችነቱ ብቻ 10 ጊዜ የስታንሊ ዋንጫን የወሰደ፣ በ2014 ያረፈ ሰው ነው። የደጋፊ ደብዳቤ እየተቀበለ በራሱ እጅ ይመልስ ነበር። ፊርማው ላይ እያንዳንዱ ፊደል ይነበባል። የዛሬ ልጆች ፊርማ ግን አንድ ጭረት ከነጅራቱ ነው፤ ቁጥራቸውን ከጎኑ ባይጽፉበት ማን እንደሆኑ በጠንቋይ ነው የሚታወቀው።

የነገሩ ፈተና የመጣው አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ የዓይን ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ተብሎ ቤተሰቡ ገንዘብ ማዋጣት ሲጀምር ነው። የእኔ ድርሻ ቀላል አልነበረም። አባዬ አልበሜን አየት አደረገና «እነዚህ ወረቀቶች ብር ናቸው ያልከኝ እውነትህን ከሆነ ዛሬ እንየው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ቶሮንቶ አየር ማረፊያ አጠገብ በዓመት ሁለቴ የሚደረግ ትልቅ የካርድ ኤክስፖ አለ፤ ተያይዘን ሄድን። ከእሽግ የወጣልኝን የኮነር ማክዴቪድ ፊርማ ይዤ ነበር። የዘመኑ አንደኛ ተጫዋች ነው፤ ፈላጊው ብዙ ነው። አንድ ነጋዴ በማጉያ መነጽር አገላብጦ አየው፣ ትንሽ ተከራከርን፣ ብሩን ቆጠረልኝ። ድርሻዬ ሞላ። አባዬ ከዚያ ቀን ወዲህ «ወረቀት» ብሎ አያውቅም።

መውጫው ላይ አልበሙን ሲያገላብጥ አንድ ካርድ ላይ ቆመ። «ይሄ ጥቁሩ ማነው?»

ዊሊ ኦሪ ነው አልኩት። ጥር 18 ቀን 1958 ሞንትሪያል ላይ ለቦስተን ብሩይንስ ገብቶ የኤን.ኤች.ኤል. የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። የቀኝ ዓይኑ ግን አያይም ነበር፤ ወጣት ሳለ ኳሷ መትታው ነው። ደብቆት ነው የተጫወተው፤ ቢናገር ስለማያጫውቱት። በዚያ ሊግ የተጫወተው 45 ጨዋታ፣ ያገባው 4 ጎል ብቻ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሁለተኛ ጥቁር ተጫዋች የመጣው በ1974 ነው። የሆኪ የክብር አዳራሽ የገባው በ2018፣ ቦስተን 22 ቁጥር ማልያውን የሰቀለለት በ2022 ነው።

አባዬ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ይሄስ ስንት ያወጣል?» አለ። ከማክዴቪዱ በጣም ያነሰ ነው አልኩት። «እንኳን አነሰ። ይሄን እንዳትሸጠው» አለኝ፤ ካርዱን ራሱ ወደ ቦታው መለሰው።

አሁን የምፈልገው የቦርየ ሳልሚንግን ነው። በ1973 ከስዊድን ወደ ቶሮንቶ ሲመጣ የሰደቡትና በዱላ የቀጠቀጡት፣ ሳይሸሽ 16 ዓመት ለሊፍስ የተጫወተ ተከላካይ ነው። በ1976 የካናዳ ዋንጫ የስዊድንን ማልያ ለብሶ ሲገባ የቶሮንቶ ሕዝብ ከመቀመጫው ተነስቶ ለረጅም ጊዜ አጨበጨበለት። ኅዳር 2022 ኤ.ኤል.ኤስ የተባለው በሽታ ንግግሩን ከነጠቀው በኋላ ቶሮንቶ መጥቶ ሕዝቡን ተሰናበተ፤ በዚያው ወር ሞተ። ከእንግዲህ አዲስ ፊርማ የለም፤ ያለው ያው ነው። እጃችሁ ላይ ያለ ወይም የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ፤ በደህና ዋጋ እገዛለሁ።

ስቲከር ግን እንዳይሆን።