ግልብጡን ሳይሆን ሒሳቡን እንየው

«አየር ኃይላችን ስንት ጄት አለው?» የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ተዋጊ ጄት ሰማይ ላይ ሲገለባበጥ የሚያሳይ ቪዲዮ ይለጥፋል። ብዙ ጊዜ የሩሲያ ሱ-27 ወይም ሱ-35 ነው። ከስሩ «ይህን ማን ይችለዋል!» የሚል አስተያየት ይደረደራል። ወገኖች፣ ቪዲዮው ያምራል። ስለ ውጊያ የሚነግረን ግን ትንሽ ነው።

በጣም የታወቀውን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1989 ቪክቶር ፑጋቾቭ በፓሪስ የአየር ትርዒት ላይ ሱ-27ን እያበረረ አፍንጫዋን ሽቅብ አቁሞ፣ ወደ ኋላ አዘንብሎ፣ መልሶ አስተካከላት። «ኮብራ» ተባለ፤ ዓለም አጨበጨበ። አውሮፕላኗ ግን በዚያች ቅጽበት አብዛኛውን ፍጥነቷን ታጣለች። ትርዒት ላይ ይህ ችግር የለውም። ውጊያ ላይ ሁለተኛ ጠላት ከመጣ ግን ፍጥነት ያጣ አውሮፕላን የቆመ ዒላማ ነው።

የውጊያ አክሮባት ሌላ ነገር ነው። ፍጥነትና ከፍታ የአብራሪው ገንዘብ ናቸው፤ አንዱ ወደ ሌላው ይመነዘራል። ጠላትን ከኋላ እያሳደድክ ነው እንበል። እሱ በድንገት ይታጠፋል፤ አንተ ፍጥነትህ ስለበዛ ልታልፈው ነው። ካለፍከው ደግሞ እሱ ከኋላህ ሊሆን ነው። ስለዚህ አፍንጫህን ወደ ላይ ታነሳለህ፤ ፍጥነትህ ወደ ከፍታ ይመነዘራል። ከላይ ተገልብጠህ እያየኸው፣ መታጠፉን ሲቀጥል ወደ ጀርባው ትወርዳለህ። «ሃይ ዮ-ዮ» ይሉታል። ከመሬት ለሚያይ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ሹል መታጠፍ 6 ጂ ሲደርስ የ70 ኪሎ ሰው 420 ኪሎ ይሆናል። ደም ከጭንቅላት ወደ እግር ይሸሻል፤ ዓይን ይጨልማል። ሒሳቡ የሚሰላው በዚያ ሁኔታ ውስጥ ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ፣ ወረቀት ላይ ሚግ-21 ከእኛ ኤፍ-5ኢ ይፈጥን ነበር፤ የእሱ ከድምፅ ፍጥነት 2 እጥፍ ገደማ፣ የእኛ 1.6 ገደማ። ሰማዩ ግን የእኛ ሆነ። ሚግ-21 በሹል መታጠፍ ላይ ፍጥነቱን ቶሎ ይጥላል፤ አብራሪውም ወደ ኋላ እንደ ልቡ አያይም። ይህን ድክመት ለመጠቀም የሰለጠነ ሰው ያስፈልጋል፤ ነበረንም። እንደ ለገሠ ተፈራ ያሉ አብራሪዎች ሚጎችን ጣሉ። ለገሠ በኋላ ተማርኮ ከ10 ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት ማቀቀ። የዚያ ድል ዋጋ ይህንንም ይጨምራል።

«ያ ድሮ ነው፤ ዛሬ ሚሳኤልና ድሮን አለ» የሚል አይጠፋም። አሜሪካኖችም እንዲሁ ብለው ነበር። ሚሳኤል የቅርብ ውጊያን አስቀርቷል ብለው ፋንተም ጄታቸውን ያለ መድፍ ወደ ቬትናም ላኩ። ኪሳራው ሲያስደነግጣቸው የባህር ኃይላቸው እ.ኤ.አ. በ1969 «ቶፕ ጋን»ን ከፈተና አብራሪዎቹን የቅርብ ውጊያ እንደገና አስተማረ። ወደ ጦርነቱ ሲመለሱ ጄታቸው ያው ፋንተም ነበር፤ ውጤታቸው ግን በእጅጉ ተሻሻለ።

እኔ ያደግሁት ደብረ ዘይት ነው። ጄት ሲያልፍ መምህራችን ድምፁ እስኪርቅ ዝም ይሉ ነበር። ለአብራሪ የማይነሳ የሰፈር ሰው አልነበረም። እጃቸው ዘይት ዘይት የሚሸት የአውሮፕላን መካኒክ ጎረቤታችንን ግን የሚያከብራቸው ቤተሰባቸው ብቻ ነበር። እሳቸው «ይብረር» ብለው ካልፈረሙ የሚገለበጥ ጄት እንደሌለ የተረዳሁት ጋዜጠኛ ሆኜ ስለ በረራ ማንበብ ስጀምር ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ክርክር ላይ ጥያቄውን እንለውጠው። ስንት ጄት እንዳለን ብቻ ሳይሆን አብራሪው በዓመት ስንት ሰዓት እንደሚበር፣ መለዋወጫ በጊዜ እንደሚደርስ፣ መካኒኩ ከነቤተሰቡ በደመወዙ ወር እስከ ወር እንደሚዘልቅ እንጠይቅ። ዝርዝሩ የወታደር ምስጢር ሊሆን ይችላል፤ ለስልጠና የሚገባውን ክብር መስጠት ግን ምስጢር አይደለም። ጄት በገንዘብ ይገዛል። በ6 ጂ ውስጥ ሒሳብ የሚሠራ ጭንቅላት ግን ዓመታት ይፈልጋል፤ ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ጊዜው አልፏል።