ዛምቤዚ ሳይገደብ

የግዌምቤ ሸለቆ ዛሬ ከካሪባ ሐይቅ በታች ነው። የቶንጋ ሰዎች በዚያ ሸለቆ ኑሯቸውን በዛምቤዚ ወንዝ ሙላትና ጉድለት ቀምረው ይኖሩ ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የዳርቻው እርሻ ነው። የዝናቡ ወራት ሲያልፍ ወንዙ ደለሉን በዳርቻው ትቶ ይሸሽ ነበር። ገበሬው እግር በእግር እየተከተለ፣ ገና ባልደረቀው አፈር ላይ በቆሎ ይዘራል። ውኃው በጎደለ ቁጥር ወደ ታች ሌላ መስመር ይጨምራል፤ የላይኛው ቡቃያ ጉልበት ሲደርስ የታችኛው ገና አፈር ይፈነቅላል። እንዲህ እያለ በደረቁ በጋ፣ ጠብታ ዝናብ ሳይወርድ፣ ሁለተኛ ምርት ይገባል። ሌሊት ጉማሬውን መጠበቅ የግድ ነበር፤ ማዳበሪያውን ግን ወንዙ ራሱ ያመጣው ነበር።

በካርታ ላይ ዛምቤዚ ሰሜንና ደቡብ ሮዴዥያን የሚለይ ድንበር ነበር። ቶንጋዎች ግን ዘመድ ሊጠይቁ በታንኳ ወዲያና ወዲህ ይሉበት ነበር። አሁን ሐይቁ በአንዳንድ ቦታ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። በታንኳ ማን ይደፍረዋል?

ሐይቁን የፈጠረው የካሪባ ግድብ የታቀደው በዋናነት ለመዳብ ማዕድን ማውጫዎች ኃይል ለመስጠት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ታላላቅ ጎርፎች ግንባታውን ሲመቱ፣ ቶንጋዎች የወንዙ መንፈስ ኛሚኛሚ ተቆጣ አሉ። ሆኖም 128 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ቆመ፤ 57,000 ያህል ሰው ከቀዬው ተነቀለ። እ.ኤ.አ. በ1958 የቺሶሞ መንደር ሰዎች አንነሣም ቢሉ ፖሊስ ተኩሶ 8 ሰው ገደለ። የመንደሩም ሰዎች ሉሲቱ ወደሚባል፣ ከቀያቸው ወደራቀ ደረቅ ምድር ተወሰዱ።

በዚያው ሰሞን ሐይቁ ሲሞላ በደሴቶች ላይ የቀሩ ከ6,000 በላይ የዱር እንስሳት በጀልባ ተረፉ፤ "ኦፕሬሽን ኖኅ" ተብሎ ዓለም አደነቀው። ማዳኑ መልካም ነበር። የሰዎቹ መፈናቀል ግን ያንን ያህል ወሬ አለማግኘቱ ያሳዝነኛል።

የጠፋው ከሐይቁ በታች ያለው መሬት ብቻ አይደለም። ከግድቡ በታችም በማና ፑልስ ሜዳዎች የቀድሞው ዓመታዊ ሙላት ቀንሷል።

ኃይሉ ወደ ማዕድን ማውጫዎቹና ወደ ከተሞቹ ሄደ። ሐይቁን ተጎራብተው የሰፈሩ ብዙ የቶንጋ መንደሮች ግን ለአሥርታት ያለ መብራት ኖሩ። ይህ ዕዳ ነው፤ ተሟልቶም አልተከፈለም።