ያበጠ እግር ሁሉ ሪህ አይደለም

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር ስዘዋወር ያበጠ እግር ሁሉ «ሪህ ነው» ሲባል ሰምቻለሁ። ያገኘኋቸው አንዲት እናትም የሴት ልጃቸውን እግር ከጎረቤት ሸሽገው፣ ቅጠል እያሰሩላት ሁለት ዓመት ቆይተዋል።

ሪህ ብዙውን ጊዜ ሌሊት በድንገት ይነሣል። የእግር አውራ ጣት መገጣጠሚያ ይቀላል፣ ይግላል፤ አንሶላ እንኳ አያስነካም። ምክንያቱ በደም ውስጥ የበዛ ዩሪክ አሲድ ነው። እግርን ማሳረፍ፣ በቀዝቃዛ ጨርቅ መያዝ፣ ውኃ መጠጣት፣ ጠላና አረቄ መተው፣ ሥጋ መቀነስ ይረዳል። ሕመሙ እንዳይመላለስ ግን ሐኪም ማየት ይገባል።

የልጅቱ እግር ያበጠው ቀስ በቀስ ነው። ይህም በምዕራብ ጎጃም በብዛት የሚታየው ዝሆኔ ነው። የሚመጣው በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ እርግማንም አይደለም። በየቀኑ በውኃና በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባትና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሰዋል።

እንግዲህ ከገጠር የመጣች ዘመድ ወይም የቤት ሠራተኛ እግሯ አብጦ ብታዩ አትሽሿት። ጫማ ግዙላት፤ ጤና ጣቢያም ውሰዷት።