ቦርሳውን ያስቀምጡ

፩

ስታዲየም አካባቢ የእግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ዘርግቶ የሚውል ልጅ አለ። በክረምቱ መጨረሻ ከሥራ ስመለስ ልመዘን ብዬ ወጣሁበት። ልጁ ቁጥሩን ትቶ ትከሻዬን አየ። «ፋዘር፣ ቦርሳውን ያስቀምጡ እንጂ! የማንን ኪሎ ልንገርዎት?» አለኝ። መሬቱ ጭቃ ስለነበር የማኖርበት አጣሁ። «በሉ ይስጡኝ፣ እኔ ልያዝልዎት» ብሎ ተቀበለኝ። 84 ኪሎ።

ከፍዬ ስሄድ በሐሳቤ የቀረው ኪሎው አልነበረም። በሬዲዮ የሚመክሩን ሁሉ «ኑሮህን ሚዛናዊ አድርግ» ይሉናል። ቦርሳውን ማን ይያዝልህ ብሎ የጠየቀ ግን ከዚህ ልጅ በቀር አልሰማሁም።

፪

ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የመስቀል አደባባይ ደረጃ በሯጭ ይሞላል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ለጀማሪ አያዝንም። እኔም እያለከለክሁ ለወራት ተመላለስኩ። ቢሮ ውስጥ «ስፖርተኛው» የሚል ስም ወጣልኝ፤ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት።

አንድ ቀን ትንፋሼን ለመሰብሰብ ቁጭ ባልኩበት፣ በዕድሜ ባለቤቴን የሚያክሉ ሴቶችን መቁጠር ጀመርኩ። የሁለት እጄ ጣቶች ሳይሞሉ አለቁብኝ። የቀሩት የት ናቸው ብዬ ስጠይቅ መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። በዚያ ሰዓት ምሳ ዕቃ እየቋጠሩ ነው። የእኔም ልጆች ምሳ ዕቃ የሚቋጠረው በዚያው ሰዓት ነው። የቋጠርኩት ግን እኔ አልነበርኩም።

፫

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ፣ ለአምስት ቀን። ይህን ቢሮ ውስጥ ሳወራ አንድ ባልደረባዬ «ሴቶች እኮ ስፖርት አያስፈልጋቸውም፤ የቤት ሥራው ራሱ ስፖርት ነው» አለ። የቤት ሥራም እንቅስቃሴ መሆኑን ባለሙያዎቹም አይክዱም። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን።

ከጥግ በኩል ሒሳብ ክፍል የምትሠራ እህታችን ቀና ብላ «ታዲያ እንዲህ ጥሩ ስፖርት ከሆነ፣ ጂም ከምትከፍሉ ለምን እቤት አትሠሩትም?» አለች። ወሬው ወዲያው ወደ ኳስ ተቀየረ።

፬

የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም አራት ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ከላያችን ያለው ጎረቤቴ ጂም ተመዝግቧል። ውኃ በጠፋ ቀን ግን ጀሪካኑን የሚያወጣለት ከፍሎ ያሰማራው ልጅ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ጎረቤቴ 20 ኪሎ ለማንሣት በወር ይከፍላል፤ 20 ኪሎ ላለማንሣትም በጀሪካን ይከፍላል።

እንዳልስቅበት ራሴን አየሁ። እኔም አደባባዩ ላይ ደረጃ ሃያ ጊዜ ወጥቼ ስመለስ፣ ከመኪናው ውስጥ የጤፉን ከረጢት እንዳወርድ ስጠየቅ ወገቤን ያመኛል። ሰው ላቡ እንዲታይለት ይወዳል። ቤት ውስጥ የሚፈስ ላብ ተመልካች የለውም።

፭

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ታገኛለች። ለአባትየው የተፈቀደው 3 ቀን ነው። ታናሿ ልጃችን ስትወለድ እኔ በአራተኛው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ። ባልደረቦቼ «እንኳን ማርያም ማረቻት» አሉኝ። አንዱ ግን ጨመረና «ዕረፍት እንዴት ነበር?» አለኝ። አልቀለደም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

፮

ስለ ዕረፍት ጥበብ ከተነሣ የአራስ ቤቱን ያህል የሚያውቅበት የለም። እናት ከአገር ቤት ትመጣለች። አንዷ ጎረቤት ገንፎ ታገነፋለች፣ ሌላዋ አጥሚት ይዛ ትገባለች። ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ሞልቶ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ አራሷ ትታረሳለች። «ለራስሽ ጊዜ ስጪ» የሚላት የለም፤ ጊዜውን ሌሎች ሰጥተዋታላ።

የአሁን ምክር ግን ዕረፍትን ራሷ ፈልጋ፣ ራሷ ቆርሳ እንድትወስድ ነው። ያጣችውን ነገር ለራስሽ ስጪ ማለት ምክር አይባልም። በነገራችን ላይ የአራስ ቤቱም ቢሆን ጉድለት አለበት፦ ክርስትናው ካለፈ ስጦታው ያበቃል። ቀጣዩ ዕረፍቷ ቀጣዩ ወሊድ ነው።

፯

እሑድ ከሰዓት ቡና ይፈላል። ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ፈንዲሻ ይፈነዳል፣ ስልክ ጥግ ይይዛል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ የሳምንቱ ሁሉ ድካም በወሬ ይወጣል። ለተጨናነቀ አእምሮ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም።

አንድ እሑድ ግን ወሬውን ትቼ እጆችን ብቻ አየሁ። ቡናው ታጠበ፣ ተቆላ፣ ጭሱን ለእንግዳ አሸተተች፣ ተወቀጠ፣ ተጣደ፣ ተቀዳ፤ ሲኒው ተለቅልቆ እንደገና ተቀዳ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ያደረገችው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው። ተቀምጣ ስለምናያት ያረፈች ይመስለናል። ረከቦቱን ላነሣ ስል የእሷን አቦል ሙሉውን፣ ቀዝቅዞ አገኘሁት።

፰

አጎቴ ስኳር አለበት። ጥር ውስጥ አራት ሠርግ ተጠራ። አራቱም ቤት «ዛሬን ብቻ!» ተባለ። አራቱም ቤት «በሞቴ!» ተባለ። የጉርሻውን መጠን የሚወስነው ፍቅር ነው፤ እምቢ ማለትም እንደ ንቀት ይቆጠራል። ሐኪሙ መመሪያውን የሰጠው ለአጎቴ ብቻ ነው። የሚያጎርሱትን እጆች ግን ቀጠሮ የሰጣቸው የለም። «በሞቴ» የሚለው ሰው ደግሞ አይሞትም፤ ማግስቱን ክሊኒክ የሚገኘው የጎረሰው ነው።

፱

ባለቤቴ የሦስቱንም ልጆች የክትባት ቀን በቃሏ ታውቃለች። የእናቴን የዓይን ቀጠሮ፣ የእኔን የጨጓራ መድኃኒት የምታስታውሰው እሷ ነች። የራሷን ደም ግፊት ግን ለመጨረሻ ጊዜ የተለካችው ታናሿን እርጉዝ ሆና ነው። ታናሿ ዘንድሮ አምስት ዓመቷን ይዛለች።

ደም ግፊት ድምፅ የለውም። 140/90 አልፎም ሰው ሲሠራ፣ ሲስቅ፣ ልጅ ሲያስተኛ ሊኖር ይችላል። መለካቱ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። ለምን እንዳልሄደች ስጠይቃት «ጊዜ አጥቼ» አለችኝ። ነገሩን ስመረምር ያጣችው ደቂቃዎቹን አልነበረም፤ እሷ ወረፋ ስትጠብቅ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ሰው ነው ያጣችው። ያ ሰው በዚያ ሰዓት ባልደረቦቹ ጋ ማኪያቶ እየጠጣ ነበር።

፲

ሌላው ዓለም በ12 ወር ሲብቃቃ እኛ 13 ይዘን ጊዜ ያንሰናል። መስከረም ላይ «ዘንድሮስ ስፖርት እጀምራለሁ» እንላለን። መስቀል ይለፍ ይባላል። ከዚያ ገና ይድረስ፣ ጥር የሠርግ ነው፣ 55 ቀን ጾም ላይ ጉልበት የለም፣ ፋሲካ ላይ ደግሞ ማን ይሮጣል፣ ክረምት ዝናብ ነው። ጳጉሜን ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ትውላለች።

ከዚህ አዙሪት የወጡ ሁለት ሴቶች አውቃለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ማለዳ ነጠላቸውን መስቀለኛ አስረው፣ ሁለተኛ ፎቅ ያሉትን ጓደኛቸውን በር ያንኳኳሉ። ያልተነሡ እንደሆነ ሠፈር እስኪሰማ ያንኳኳሉ። ከዚያ በዕርምጃ ይሄዳሉ። ሞራል ከውስጥ ይመጣል ይባላል። በእኛ ፎቅ የሚመጣው በር እያንኳኳ ነው።

፲፩

ከመስከረም ወዲህ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ማለዳ የባለቤቴ ነው። በመጀመሪያው ማክሰኞ እንቁላሉ አረረ፣ ምሳ ዕቃው ውስጥ ሹካ ረሳሁ፣ ሰርቪሱም ጥሎን ሄደ። ባለቤቴ አንድ ሰዓት ላይ ፊቷ ወዝቶ ስትመለስ እኔ ከነፒጃማዬ ለልጆቹ ታክሲ ስለምን አገኘችኝ። ሳቀች። ወደ ቤት ገብታ ግን ልታስተካክልልኝ አልሞከረችም፤ ውኃ ጠጥታ ተቀመጠች። ውለታ የዋለችልኝ በመቀመጧ ነው። ተነሥታ ቢሆን ኖሮ ሐሙስን የኔ ነው ብዬ አልይዘውም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ክሊኒክ ሄዳ ተለካች። ደህና ናት። በሁለተኛው ወር እኔ እዚያው ልጅ ዘንድ ቆሜ ተመዘንኩ፤ ቦርሳዬን ይዞልኝ 85 አለኝ። በሳምንት ከስድስት ቀን ወደ ሦስት ቀን ሩጫ የወረደ ሰው የሚከፍለው ዋጋ አንድ ኪሎ ከሆነ ርካሽ ነው።

ማለዳ የምትሮጥ ወንድሜ፣ ነገ ከመውጣትህ በፊት ኩሽና ጎራ በል። መብራቱ በርቶ ካገኘኸው የስፖርት ጫማህን አውልቅ።