ኮርቻው ሲያምር መስኩ እንዳይረሳ

በአገው ምድር የተወለደ ሰው ፈረስን የሚያውቀው ገና ከእናቱ ጓዳ ሳይወጣ ነው። ፈረስ ያርሳል፤ እህል ይጭናል፤ ሙሽራ ያጅባል፤ ለቀስተኛ ያደርሳል። ጥር 23 ቀን የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ሲከበርም፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላት ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ወደ አደባባይ የመውጣት ልማድ አላቸው።

እኔም በ2009 ዓ.ም. ለዚሁ በዓል ዳማ ፈረሴን አዘጋጅ ነበር። ለኮርቻው ጌጥ ከደመወዜ ቈጥቤ ገንዘብ ሳወጣ፣ ፈረሱ የሚውልበትን መስክ ግን አንድ ቀን እንኳ ተዘዋውሬ አላየሁትም። እንዲያውም አጥር ሳድስ ሚስማር ያለበትን አሮጌ እንጨት ከሣሩ ውስጥ ጥዬው ሄድሁ። ፈረሱ ረገጠው። ጥቂት ቀን አነከሰ፤ ቁስሉ ከላይ ቢደርቅ ዳነ ብዬ ተውሁት። በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው አንገቱ ደረቀ፤ ጆሮዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ መንጋጋውም ተቈለፈ። የእንስሳት ሐኪሙ ሕመሙ ቴታነስ፣ ማለት መንጋጋ ቈልፍ፣ መሆኑን ነገረኝ፤ ጀርሙ በአፈርና በፋንድያ ውስጥ እንደሚኖር፣ አስቀድሞ የሚሰጥ ክትባትም እንዳለ አስረዳኝ። ፈረሱ በበዓሉ ዋዜማ ሞተ።

አባቴ ኮርቻውን አንሥተው ከግድግዳው ላይ ሰቀሉና፣ «ልጄ፣ ኮርቻውን ስታይ ከረምህ፤ መሬቱን ግን አላየህም» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለ ተሕዋስያን በየዓመቱ ለልጆች የማስተምር እኔው ነበርሁና።

ስለዚህ ሌላ ፈረስ ከመግዛቴ አስቀድሞ መስኩን አበጀሁ። ዘወትር ዓርብ ከትምህርት መልስ ከልጆቼ ጋር እየተዘዋወርን ሚስማር፣ ሽቦና ፌስታል እንለቅማለን፤ ፍሬው ፈረስን የሚገድል ነውና የበቀለውን ጉሎ እንነቅላለን። ፈረስ በላይና በታች ጥርሱ ሣሩን ከሥሩ አስጠግቶ ስለሚግጥ፣ መስኩን በሦስት ከፍዬ አንዱ ሲጋጥ ሁለቱ እንዲያርፉ አደረግሁ። በፋንድያው ውስጥ ያለው የትል ዕንቍላል ተፈልፍሎ ወደ ሣሩ ስለሚወጣ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ፋንድያውን ሰብስበን ራቅ ካለ ጕድጓድ እናከማቸዋለን። ፈረሱ ከለቀቀው ክፍል ላሞቹን እናሰማራለን፤ የፈረስ ትል አብዛኛው በላም ሆድ አይኖርምና። ውኃም አልቅት ካለበት ረግረግ ሳይሆን ከገንዳ ይጠጣል። ክረምቱ ሲወጣ ለጋው ሣር እንዳይነፋው፣ ድርቆሽ አስቀድሜ ጥቂት በጥቂት አለማምደዋለሁ፤ ፈረስ የበላውን ማስመለስ አይችልምና። በዚያው ወራት ደቃቅ ትንኞች ከምሽት እስከ ንጋት እየነደፉ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የተባለውን ሕመም ስለሚያስተላልፉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጋጣ አስገባዋለሁ። ክትባቱንም ጊዜውን ጠብቄ አስከትበዋለሁ።

ጠቢቡ ሰሎሞን የጻድቅን ሰው ምልክት ሲናገር፣ ለእንስሳው የሚያደርገውን ርኅራኄ አልዘለለም። ይህ ርኅራኄ በበዓል ቀን በጌጥ የሚታይ ሳይሆን፣ በሥራ ቀን ጐንበስ ብሎ ሚስማር በማንሣት የሚፈጸም መሆኑን የተማርሁት በፈረሴ ሞት ነው።

ዛሬ ኮርቻው ከግድግዳው ወርዷል። ይሁን እንጂ አባቴ ስለ ፈረሱ ሲጠይቁኝ፣ ኮርቻው ደኅና ነውን አይሉም፤ «መስኩ እንዴት ሰነበተ?» ይላሉ።