ካርቱን እና ስድብ

ልጆቻችን ፖለቲካን ከመጽሐፍ በፊት በሥዕል ይማራሉ። እኛም ቤት እንዲሁ ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጋዜጣ ይዤ ስገባ ግን “እስቲ ሥዕሉን አሳየኝ” ትለኛለች። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ የግል ጋዜጦች ሲበራከቱ፣ ባለሥልጣን የሚሸነቁጥ ካርቱንም አብሮ ዶሮ ማነቂያ ገባ።

በተለይ የ1997ቱ ምርጫ አይረሳኝም። የኢሕአዴግ ምልክት ንብ፣ የቅንጅት ደግሞ ሁለት ጣት ነበር። ለካርቱን ሠዓሊ ከዚህ በላይ ምን ሲሳይ አለ? በግቢያችን “ንብ ማር ትሰጣለች” የሚልም፣ “ትናደፋለች” የሚልም ነበር። ቡና ላይ ሁሉም ሥዕሉን በየፊናው ይተረጉማል፤ ይከራከራል፤ በረካውን ሳይጠጣ የሚነሣ ግን አልነበረም።

እናቴ አንድ መለኪያ ነበራት፦ “ምን አድርጎ ነው?” ሥዕሉ ለዚህ መልስ ካለው ከልቧ ትስቃለች። በመልክ፣ በትውልድ ወይም በሚስት የሚያላግጥ ከሆነ ግን “ይሄ ስድብ ነው” ብላ ጋዜጣውን ትገለብጠዋለች።

ይህ ልዩነት የሌላውም አገር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 አንድሩ ጃክሰን ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር፣ ተቃዋሚዎቹ ስድስት ጥቁር የሬሣ ሣጥን የታተመበት ወረቀት በተኑ። ጄኔራል ሳለ የሞት ፍርዳቸውን ያጸደቀባቸውን ስድስት ሚሊሻዎች ለማስታወስ ነበር። ከባድ ክስ ነው፤ ቢሆንም የሚጠይቀው ስለ ሥራው ነው። በዚያው ዘመቻ ግን የባለቤቱ የራሔል ትዳር ሳይቀር መሳለቂያ ሆነ። ጃክሰን አሸነፈ፤ እሷ ግን ቃለ መሐላውን ሳታይ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ዐረፈች። ጃክሰንም ለሞቷ ስም አጥፊዎቹን ተጠያቂ እንዳደረገ ኖረ።

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ያ ሁሉ ጎረቤት ተበተነ። ዛሬ የልጅ ልጄ ማን እንደሣለው የማይታወቅ ሥዕል በስልኩ እያየ ብቻውን ይስቃል። የሚከራከረው፣ “ተው ልጄ” የሚለው ጎረቤት አጠገቡ የለም። የሚያሳስበኝ ሳቁ አይደለም፤ ብቻውን መሳቁ ነው። ብቻውን የሚስቅ ልጅ፣ የተሳለቁበት ሰው ወገንም በአንድ ግቢ እንደሚኖር አያይም።

ስለዚህ ስልኩን አልነጥቀውም። አጠገቡ ቁጭ እልና “እስቲ አስረዳኝ፤ ሰውየው ምን አድርጎ ነው?” እለዋለሁ። አንዳንዴ አጥጋቢ መልስ ይሰጠኝና አብረን እንስቃለን። አንዳንዴ ደግሞ ዝም ይልና ለጓደኞቹ ሊልከው የነበረውን ሥዕል ራሱ ያጠፋዋል።